ቢተውን ተራራ ያወጡበት ቀን

ላስታ ውስጥ ክፉ ወሬ በቀጥታ አይነገርም። ለቅርብ ዘመድ ድንገት «ሞተብህ» ብሎ የሚናገር ሰው ቢገኝ አሳዳጊ የበደለው ነው ይባላል። መጀመሪያ የሚነገረው ለሩቁ ነው። ሩቁ ለሽማግሌ ያደርሳል፣ ሽማግሌ ይመክራል፣ ወዳጅ ዘመድ በየአቅጣጫው ይጠራል። ከዚያ በኋላ ነው፣ ሰውዬው ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ ግቢው ማለዳ በሰው ሞልቶ መርዶው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ ባለጉዳዩ እንደ ሕፃን ይታለላል። ሲስቅ አብረውት ይስቃሉ፤ ዞር ሲል ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሰውን ብቻውን ከሐዘን ጋር ላለማፋጠጥ የተበጀ ወግ ነው፤ ስለ ደግነቱ የሚከራከር የለም።

ምስጋኑ ላሊበላ ውስጥ ፈረንጅ ተራራ የሚያስወጣ አስጎብኚ ነበር። ኪሱ የበዛ ሰደርያ ይለብሳል። አብዛኛው ኪስ ባዶ ነው፤ ግን አስጎብኚን አስጎብኚ የሚያስመስለው ኪስ ነው ባይ ነው። ጨዋታ ያውቃል። የአሸተን ማርያምን ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጠራቸውን እንግዶች «ትንሽ ነው የቀረው» እያለ ግማሽ ቀን ያስኬዳቸዋል። በዚህ ውሸቱ የተቀየመው እንግዳ የለም፤ እሱም ውሸት ነው ብሎ አስቦት አያውቅም።

ሚሌኒየሙ ተከብሮ ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ነገሩ የሆነው፣ በጥቅምት፣ የደጋው ገብስ ቢጫ ሲል። ጎህ ሲቀድ የምስጋኑ ስልክ ጮኸ። የደወለችው ታናሽ እህቱ አልጣሽ ናት፣ ከወልድያ። አልጣሽ ከመስከረም ጀምሮ ሐኪም ቤት ሆና የሟች እህታቸውን ልጅ ማኅሌትን ስታስታምም ነው የከረመችው። ማኅሌት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የታመመው ልቧ ነው።

«ምስጋኑ» አለች አልጣሽ፣ ድምፅዋ ተሰባብሮ። «ማኅሌት በጣም ደክማለች። አያ ቢተውን ይዘህ ዛሬውኑ ድረስ። መኪና ፈልጉ፣ አውቶቡስ አትጠብቁ…» ከዚያ ለቅሶ ሰማ፤ መስመሩም ተቋረጠ። መልሶ ደወለ፤ አልገባም። ደጋግሞ ደወለ፤ አልገባም። በዚያ ዘመን ኔትወርክ እንደ ላስታ ዝናብ ነበር። ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል፣ ለምን ቀረህ ብሎ የሚቆጣውም የለም።

ቢተው የማኅሌት አባት ነው። ሚስቱ፣ የምስጋኑ እህት፣ ልጅቱን በወለደች በሳምንቷ ሞተች፤ እሱም «የእንጀራ እናት አላመጣባትም» ብሎ ብቻውን አሳደጋት። በዚያ በደጋው ቀበሌ ሹሩባ መሥራት የተማረ ወንድ እሱ ብቻ ነበር። ከእርሻ ሲገባ እጁን ይታጠብና ልጁን እግሩ መሀል አስቀምጦ ይሠራታል። ጎረቤቱ በሳቅ ሞተ። መጀመሪያ ላይ መስመሩ ሁሉ እንደ ጠማማ ፈር ነበር፤ ኋላ ላይ እጁ ቀናና ሴቶቹ ራሳቸው ሴት ልጆቻቸውን ይልኩበት ጀመር። ሳቁን የተዉት ያኔ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ቢተው እዚያው ላሊበላ ነበር። ከመንደሩ ወርዶ ምስጋኑ ቤት አድሯል። ዓይነ ባሕር ወጥቶ ጠበል ሊቀዳ፣ በማግሥቱም በአውቶቡስ ለልጁ ሊያደርስላት ተስሏል። ስልኩ ሲጮህ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ወጥቶ ነበር።

ዓይነ ባሕር ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጀርባ፣ ገደል ሥር የተኛ ውኃ ነው። ፈረንጆቹ ሐይቅ ይሉታል፣ ያገሩ ሰው ባሕር ይለዋል፤ እውነቱን ለመናገር ዳርቻውን ዞሮ ለመጨረስ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደገምበት ጊዜ ይበቃል። ግን ፈዋሽ ነው ይባላል፣ ወጉም ጥብቅ ነው። የሚቀዳው የታማሚው የሥጋ ዘመድ ነው፤ በእግሩ ሄዶ፣ እህል ሳይቀምስ። ሲቀዳ የታማሚውን የክርስትና ስም ይጠራል፤ አብሮት የሄደው ሰው ደግሞ ከዳር ቆሞ «አሜን» ይላል። አሜን ባይ ከሌለ ጠበሉ ውኃ ነው። ስለዚህ ቢተው ምስጋኑን አሜን ባይ አድርጎ ይዞት ሊወጣ ቀጥሮታል። ለፈረንጅ ሁለት ቀን የሚመደብለት መንገድ ነው፤ ላስቴ በአንድ ቀን ወጥቶ ይወርደዋል።

ምስጋኑ ስልኩን እንደያዘ ወደ አባ ወልደ ኪዳን ሮጠ። አባ የቤተሰቡ ሁሉ የነፍስ አባት ናቸው። ኪዳን አድርሰው ከቤታቸው አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው አለሜ ተቀምጧል፤ የቢተው የአጎት ልጅ ነው፣ ገበያው ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው። ምስጋኑ የሰማውን ሁሉ ነገራቸው።

«ለማን ነው የደወለችው?» አሉ አባ።

«ለኔ።»

«ለቢተው አይደለም?»

«ለኔ ነው አባ።»

«አለቀሰች?»

«አልቅሳለች።»

አባ አማተቡ። አለሜ በነጠላው ጫፍ አፉን ሸፈነ።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» አሉ አባ። «ልጅ ስትታመም የሚጠራው አባት ነው። አባት ታልፎ ለአጎት እያለቀሱ ከተደወለ ሌላ ነገር ነው። ምን ብላ ትንገርህ? እሷም እዚሁ ነው ያደገችው፣ ወጉን ታውቃለች።»

«ምናልባት በሕይወት…» አለ ምስጋኑ።

«ምናልባትማ ቢሆን እኔ እጠላለሁ? አንተ ልጅ፣ ስንት መርዶ አርድቻለሁ። ሁሉም ‹ደክሟል፣ ድረሱ› ተብሎ ነው የመጣው።» ወደ ዳገቱ ቀና አሉ። «ቢተው ከተማ ከዋለ አንዷ መንገድ ላይ እሪ ትልበታለች። ለጠበል አይደል የመጣ? ይሂድ። አንተ ይዘኸው ውጣ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እንዳታወርደው። አለሜ መኪና ይያዝና ሄዶ ልጅቱን ያምጣት። እኛ ዘመድ እንጠራለን። ነገ በማለዳ እናረዳዋለን።»

«ከአለሜ ጋር በመኪናው ቢሄድስ?»

«መንገድ ላይ ቢሰማ ማን ይይዘዋል? ዓምና ገበያ መሀል የወንድሟን ሞት በስልክ የሰማችው ሴት እስከ ዛሬ አእምሮዋ አልተመለሰም። ስልክህንም ዝጋው ልጄ። ስልክ ወግ አያውቅም።»

ምስጋኑ ከአባ ጋር ተከራክሮ አያውቅም። አለሜ ወደ ሱቁ ሄዶ ከነጩ አቡጀዴ ለመገነዣ የሚበቃ ቀደደ፣ ጠቅልሎም ብብቱ ሥር ያዘ። ወዲያው የአንድ ሆቴል ሚኒባስ ተገኘለት። ሚኒባሱ ከሹፌሩና ከአለሜ በቀር ማንንም ሳይዝ በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ያዘ።

ቢተው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ ነበር። ትንሽ ቢጫ ጀሪካን በነጠላ ጀርባው ላይ አስሯል። «ሌሊት በሕልሜ ውኃ አየሁ» አለ። «ውኃ ደግሞ ደግ ነው። ከወልድያ ወሬ አለ እንዴ?»

«ደህና ናት» አለ ምስጋኑ። ቃሉ ሳይጠራው ነው የመጣለት፤ ልክ እንደ «ትንሽ ነው የቀረው»።

ወጡ። የአሸተንን ዳገት ቢተው እንደ ወጠጤ ነው የወጣው። እድሜው ሃምሳን ሊነካ ነው፤ ሆዱ ባዶ ነው፤ ግን ዛሬ እግሩን የሚገፋው ሌላ ነገር አለ። ምስጋኑ ከኋላ ቀረ። የሰውዬውን የተሰነጣጠቀ ተረከዝና ጀርባው ላይ የሚንጓጓውን ባዶ ጀሪካን እያየ፣ ማልቀስ እየፈለገ፣ ማልቀስ ተከልክሎ ወጣ።

«ምስጌ፣ ከፈረንጅ ጋር ስታዘግም ከርመህ እግርህን አሰነፍከው» አለ ቢተው እየሳቀ። «እኔ ነኝ አንተን የማስጎበኝ።»

«አንተ ቅደም አያ ቢተው። ከኋላ እየጠበቅኩህ ነው።»

«ከምን?»

ቢተው መልስ አልጠበቀም፤ የራሱን ወሬ ቀጠለ። ያን ቀን ያወራው ሁሉ ስለ ማኅሌት ነው። በስምንት ዓመቷ ሬድዮ ፈታታ እንዴት እንደተደበቀች። አስተማሪዋ የጻፈላትን የምስጋና ወረቀት ሰው እንዲያነብለት ይዞ ሲዞር፣ አንድ ጊዜ ሰምቶ በቃሉ ይዞት እያለ፣ መልሶ ሌላ ሰው እንዴት እንዳስነበበ። ባለፈው ሲጠይቃት ደግሞ ሐኪም ቤት ያለችው ሠራተኛ ፀጉሯን ስትሠራት ሳበችኝ ብላ ተማርራ ነበር። «‹ያንተ እጅ ይሻላል አባዬ› አለችኝ» አለ ቢተው፣ ኩራቱን መደበቅ ሳይችል። «በሰው ፊት ነው ያለችኝ። ሊጠይቁ የመጡት ወንዶች ሁሉ ሰሙ።»

ከአሸተን በላይ ያለውን ሜዳ አለፉ፤ የገብሱን ማሳ አለፉ፤ ሰው የሚኖርበት የመጨረሻው ጎጆ ኋላቸው ቀረ። ብርዱ መጣ። የአስታው ቁጥቋጦ እያጠረ ሄዶ አለቀና ከሰው ቁመት የሚበልጠው የጅባራ ተክል ብቻ እንደ ዘብ ቆሞ ታየ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ቀና ብለው አዩአቸውና ተመልሰው ወደ ሥራቸው ገቡ። ምስጋኑ እዚህ ቦታ ሁልጊዜ ለእንግዶቹ ስለ ጭላዳ ይተርካል። ዛሬ ምንም ትዝ አላለውም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አፋፍ አስጎብኚዎቹ «ቴሌ» ይሉታል፤ ከተማ ውስጥ የጠፋ ኔትወርክ እዚያ ላይ ስለሚገኝ ነው። ላስታ ሁሉ ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ቢተው ቆመና ከኪሱ አንዲት ትንሽ ስልክ አወጣ።

«ማኅሌት ግዛ ብላ አስገዛችኝ» አለ። «ገዛሁ። ግን መንደሬ መብራት የለ፤ ቻርጅ ላስደርግ ገበያ እስክወርድ ትሞትብኛለች። ይኸው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሬሳ ናት፤ ትናንት ማታም ከተማው መብራት አልነበረው። ያንተን አምጣት እስኪ ምስጌ፣ እዚህ ይሠራል አይደል? ድምፅዋን ልስማ።»

ምስጋኑ ቃሉን በልቡ ደገመው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። እንግዲያው አልጣሽ መጀመሪያ ለአባትየው ደውላ ቢሆንስ? ደውላ ስታጣው ወደ እሱ ዞራ ቢሆንስ? አባ ወልደ ኪዳን ነገሩን ሁሉ ያቆሙት «ለአባት አልተደወለም» በምትል አንድ ካስማ ላይ ነው። ካስማዋ አሁን እጁ ላይ ተነቀለች።

እጁ ወደ ሰደርያው ኪስ ሄደ። ስልኩን ነካው፣ ቀዝቅዟል። ቢከፍተው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ልጅቱ በሕይወት ካለች አባቷ ድምፅዋን ይሰማል። ሞታ ከሆነ ደግሞ አልጣሽ እሪ ትላለች፣ ቢተው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ መርዶውን ከስልክ ይሰማል፤ ኋላ ሰው «ምስጋኑ የእህቱን ባል አፋፍ ላይ አረዳው» ይለዋል እስከ ልጅ ልጁ። ከሁለቱ የትኛውን እንደፈራ ያውቃል። የፈራው ሰውን ነው።

«የኔም ባትሪ አልቋል» አለ።

«ኤጭ!» አለ ቢተው። «አብሽር፣ ምንም አይደል። ነገ በአካል አገኛት የለ።»

ዓይነ ባሕር ሲደርሱ ፀሐይ ከአናት አልፋለች። ውኃው ጥቁር ነው፤ ነፋስ ሲነካው ብቻ ያበራል። በዙሪያው የጓሳ ሣር፣ ከጓሳው በላይ ገደል፣ ከገደሉ በላይ ሰማይ፤ ሌላ ምንም የለም። ቢተው ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ አማተበና ገባ። ብርዱ አንገቱን አስቀበረው፤ ግን እስከ ጉልበቱ ድረስ ሄደ። ጀሪካኑን ዘፈቀው።

«አመተ ጊዮርጊስን ማርልኝ!» አለ ጮክ ብሎ። የማኅሌት የክርስትና ስሟ ነው።

ምስጋኑ ዳር ላይ ቆሟል። ለሞተች ልጅ ጤና መለመን ምን ዓይነት ኃጢአት እንደሆነ አያውቅም፤ እንዲህ ያለውን ነገር የጠየቀ ሰውም አልሰማም። ቢተው ከውኃው ውስጥ ሆኖ ዞሮ አየው። የሚጠብቀው አሜኑን ነው።

«አሜን» አለ ምስጋኑ። ለራሱም በቅጡ አልተሰማውም።

«ጮክ በል እንጂ! እሱ ሩቅ ነው።»

«አሜን!»

«ከፍራሿ አንሳልኝ! እኔን በእሷ ፋንታ ጣለኝ!»

«አሜን» አለ ምስጋኑ። ፊቱን አዞረና በሰደርያው እጅጌ የሌለው ትከሻ ዓይኑን ለመጥረግ ሞከረ። ቢተው ሲወጣ እያየው ሳቀ። «አንተም እንዲህ ትወዳታለህ ለካ» አለው። «አላውቅም ነበር።» እየተንቀጠቀጠም አቀፈው።

ምስጋኑ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። መቆየት ነበረበት፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አታውርደው ተብሏል። ግን ያቺ የቴሌ አፋፍ ወሬ ከጆሮው አልወጣ አለች። አንዴ እንቸኩል ይላል፣ አንዴ እንቆይ ይላል። ቢተው መቅደስ ላይ እንዳለ ሰው ጀሪካኑን አቅፎ ተቀምጧል፣ አይቸኩልም፤ ጠበሉን በሩጫ መቅዳት ነውር ነው። ሲወርዱም ጅባራው ሥር ከነፋስ ተጠልለው አረፉ። እዚያ ቢተው አንድ ታሪክ ጀመረ። ማኅሌት ትንሽ እያለች ከዶሮዎቹ ጋር ተጣልታ ዳኛ ሁነኝ ብላ እንዳመጣቻቸው፣ እሱም አንደኛዋን ዶሮ ጥፋተኛ ብሎ እንደፈረደ። ረጅም ታሪክ ነበር፤ ቢተው ደግሞ ሲያወራ አያሳጥርም። ምስጋኑም እሱ ሲስቅ ሳቀ፣ መሳቅ ሲገባው ሳቀ።

ወደ አፋፉ ተመልሰው ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ምስጋኑ «ውኃ ልሽና» ብሎ ወደ ድንጋዩ ጀርባ ዞረ። እየወረድን ነው ብሎ ለአባ መንገርም አለበት፤ ቢያንስ ለራሱ ያለው ምክንያት ይህ ነው። ስልኩን ከፈተው። ገና ሳይደውል እጁ ላይ ጮኸ።

«የት ነበርክ?» አለሜ ነው። ሰላምታ የለም። «አንተ፣ የት ነበርክ ቀኑን ሙሉ? ስልክህን ለምን ዘጋኸው?»

«አባ ናቸው ዝጋ ያሉኝ። አንተም ነበርክ'ኮ…»

«በሕይወት ነበረች!»

ምስጋኑ ከድንጋዩ አጮልቆ ወደ ቢተው አየ።

«በሕይወት ነበረች ምስጋኑ! በሩን ስገባ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። አየችኝ። እኔ ያን አቡጀዴ ብብቴ ሥር ይዤ፣ ምን ላድርገው፣ የት ልደብቀው! ጨርቁን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ‹አባዬስ?› አለችኝ። ምን ልበላት? ጠበል ሊያመጣልሽ ተራራ ወጥቷል አልኳት። አልጣሽ ሌሊቱን ሙሉ ስትደውልለት ነው ያደረችው፣ ስልኩ ዝግ ነው አለች፤ እሱን ስታጣ ነው ወዳንተ የደወለችው። ‹ጋሼ ምስጋኑ አብሮት ነው? እንግዲያው ድምፁን እንኳ አሰሙኝ› አለች ልጅቱ። ደወልን። ዝግ። ደወልን። ዝግ። በየደቂቃው ‹አነሳ?› ትለናለች። ዘጠኝ ሰዓት ግድም መጠየቁን ተወችው።»

አለሜ ሌላም ብዙ ነገር ተናገረ። ምስጋኑ አልሰማውም። እሱ የሚያስበው ባሕሩ ዳር ቆሞ ስለተናገራት አሜን ነው። ቢተው በሕይወት ላለች ልጁ ነበር የለመነው፤ ልመናው በቦታው ነበር። አሜን ባዩ ነው ቀብሯት የቆመው።

«ማነው?» የቢተው ድምፅ ነው። ጀሪካኑን አዝሎ በድንጋዩ በኩል ብቅ አለ። «አልቋል ያልከኝ ባትሪ ነፍስ ዘራ እንዴ?»

«አለሜ ነው።»

«ምን ይላል?»

ከጠዋት ጀምሮ ውሸት እንደ ውኃ ሲወርድለት ውሏል። አሁን አንዲትም አልመጣችለት አለች። እዚህ ሽማግሌ የለም። ክንዱን ግራና ቀኝ የሚይዙለት ዘመዶች የሉም፤ ለነገ ማለዳ ነው የተጠሩት። ወጉ በሙሉ ታች ከተማው ውስጥ ተሰብስቦ እየጠበቀ ነው፤ እዚህ ያሉት ሁለት ሰዎችና ብርድ ናቸው።

«ስትጠራህ ነበር» አለ ምስጋኑ።

«ማን?»

«ማኅሌት። ከጠዋት ጀምሮ። ቀኑን ሙሉ ስትጠራህ ነበር።»

የቢተው ፊት በራ። «እሰይ የኔ ልጅ! በረታች ማለት ነው፤ ባለፈው ቃል ስታወጣ ይደክማት ነበር'ኮ። ታዲያ ደውልላት እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ምስጋኑ ስልኩን አልሰጠውም። መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ ወንድ ነኝ ሳይል ተንሰቀሰቀ። ቢተው እጁን እንደዘረጋ ቆመ። ብዙ ቆየ። እጁ ቀስ እያለ ወረደ።

«መቼ?» አለ።

«ዘጠኝ ሰዓት ግድም።»

«ያኔ የት ነበርን?»

«ጅባራው ሥር። አርፈን።»

«አዎ» አለ ቢተው። «ስለ ዶሮዎቹ ስነግርህ።»

ነፋሱ ጓሳውን አስተኝቶ አለፈ። ቢተው ጀሪካኑን ከጀርባው አልፈታም፣ አልተቀመጠም፣ ደረቱን አልመታም። «ምን ብላ ነው የጠራችኝ?» አለ።

«ድምፁን እንኳ አሰሙኝ ብላ» አለ ምስጋኑ። ከዚህ በኋላ የሚደብቀው ምን አለ? «ስልኬ ባትሪው አላለቀም ነበር አያ ቢተው። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ጠዋት ስትደውል የሞተች መስሎን ነው። መኪናው ውስጥ ቦታ ነበረ፤ እንዳትሰማ ብለን ነው አንተን እዚህ ያወጣንህ።»

ተነሣ። መርዶ የሰማ ሰው እንዳይወድቅ ይያዛል፤ ስለዚህ ሊይዘው ሄደ። ቢተው ክንዱን ነጠቀው። ጉልበት አልተጠቀመም፤ ከበሩ የገባን የሰው ከብት እንደሚያወጣ ነው ገፋ ያደረገው። ከዚያ ወደ አፋፉ ጫፍ ተራመደ፤ ምስጋኑም ሊይዘው እጁን ዘርግቶ ተከተለው። ግን ቢተው ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ወልድያ አዞረ። በዚያ በኩል ተራራ፣ ከተራራው ወዲያ ሌላ ተራራ ነው። ሁለት እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ወዬ!» ብሎ ጮኸ። «ወዬ ማኅሌት! ወዬ የኔ እናት!»

ልጅ ከጓሮ «አባዬ» ብላ ስትጠራ፣ በሬውን አቁሞ ከማሳው መሀል የሚመልሰው አባት ድምፅ ነበር። ጮኸና መልስ የሚጠብቅ ሰው እንደሚያደርገው ጆሮውን ሰጥቶ ጠበቀ። ለነገ የተጠሩት ዘመዶች ነጠላቸውን ተከናንበው ታች ከተማው ውስጥ መሰብሰብ ጀምረዋል፤ ድምፁ እነሱ ጋ አይደርስም። ምስጋኑ «በቃህ አያ ቢተው» አላለውም። ቢተው ጥቂት ጠብቆ እንደገና ጮኸ፣ እንደገናም አዳመጠ።